ሺምፐርና የሾላው ስም

የዚህ ዓመት መጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የቀድሞ ዘመን የሙያ ሰው ሕይወት ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ አስቀድሞ በሐሳቤ የመጣው ሰው ሳይሆን ዛፍ ነበር። ከደሴ ወደ ምዕራብ ተጉዞ፣ የለጋምቦን ብርድ አልፎ መካነ ሰላም የደረሰ መንገደኛ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ የጽዱና የአስታው ደጋ ከኋላው ይቀርና በየጅረቱ ዳር ቅርንጫፉን የዘረጋ፣ ከግንዱ ጀምሮ ፍሬ የተዥጐረጐረበት ዛፍ ይቀበለዋል። ሾላ ነው። እረኞች ከሥሩ ተቀምጠው ቀይ ቀዩን እየመረጡ ይለቅማሉ፤ የተረፈው የዝንጀሮና የወፍ ነው። በክፉ ዘመን ደግሞ ለእረኛ ብቻ ሳይሆን ለአባወራም ምግብ ሆኗል።

አንድ ነገር ሳይመረመርና ውስጡ ሳይታይ ሲታለፍ፣ ሾላ በድፍን ሆነ ይባላል። አባባሉን ያመጣው የበላተኛ ብልኃት ሳይሆን አይቀርም። የበሰለ ሾላ ከፍቶ የሚመለከት ሰው በውስጡ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነፍሳት ያገኛል፤ የራበው ግን አይከፍትም፣ በድፍኑ ይጐርሳል። እኛ የሙያው ሰዎች ይህን ፍሬ ከፍተን ማየት ግዴታችን ስለሆነ፣ አስቀድመው የከፈቱልንን ሰዎች ታሪክ ማወቅም ይገባናል። ከእነዚህ መካከል ዕድሜውን ከግማሽ በላይ በአገራችን የፈጀው፣ ከነፃነትም ከእስራትም ድርሻውን ያገኘው ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሰውየው ከመሄዴ በፊት ስለ ዛፉ ጥቂት ልበል። በተለምዶ ሾላ የምንለው በሳይንስ ስሙ ፊከስ ሱር የሚባለው ነው። ባምባ የምንለው የቅርብ ዘመዱ ፊከስ ሲኮሞረስ ሲሆን፣ ዘኬዎስ ጌታን ለማየት የወጣበት ዛፍ ከዚህ ዘር ነው። በጥላው ሥር ሽማግሌ የሚቀመጥበትና ዳኝነት የሚታይበት ዋርካ ፊከስ ቫስታ፣ ጭብሓም ፊከስ ቶኒንጊ ይባላሉ። ሾላና ባምባ ዘመዶቻቸው ሩቅ ድረስ ተበትነዋል። ከሂማላያ ግርጌ ጀምሮ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሉት ሞቃትና እርጥብ ጫካዎች የሚበቅሉት ፊከስ አውሪኩላታና ፊከስ ራሴሞሳ የነዚሁ ወገን ናቸው። እነዚያም እንደ ሾላ ፍሬያቸውን በግንዳቸውና በወፍራም ቅርንጫፋቸው ላይ ይሸከማሉ፤ እነዚያንም የጫካው ሰውና አውሬው እኩል ይበሏቸዋል። የህንድ እረኛና የቦረና እረኛ ቢገናኙ በቋንቋ ባይግባቡ እንኳ በዚህ ፍሬ ይግባባሉ።

በውስጡ የሚታዩት ነፍሳትም እንዲሁ ለከንቱ የገቡ አይደሉም። ፍሬ የምንለው በእርግጥ አበባዎቹን በሆዱ ውስጥ የሸሸገ ከረጢት ነው። አንዲት ደቃቅ ተርብ ክንፏ እስኪነቀል ድረስ በጠባቧ ቀዳዳ ተጨንቃ ትገባና፣ ከሌላ ዛፍ ያመጣችውን የአበባ ብናኝ አራግፋ፣ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ክንፍ የሌላቸው ወንድ ልጆቿ ከረጢቱን ከውስጥ ይበሳሉ፤ ሴቶቹም በዚያ ቀዳዳ ብናኝ ተሸክመው ይበራሉ። ያለዚህች ተርብ ዛፉ ዘር አያፈራም። ጥንታውያን ግብፆች ባምባን ከደቡብ ወስደው በአባይ ዳር ሲተክሉ ተርቧ ስላልተከተለቻቸው፣ ፍሬው እንዲበስልላቸው እያንዳንዱን በስለት ይጭሩት፣ ዛፉንም በዘር ሳይሆን በቅርንጫፍ ያባዙት ነበር። በእኛ ቆላ ያለው ግን ከነተርቡ ያለ፣ ሙሉ ሕይወት ያለው ዛፍ ነው።

የሾላን የሳይንስ ስም ያወጣው ሺምፐር አይደለም። ባምባን ስዊድናዊው ሊኔ በ1753 ሰይሞታል። ሾላንና ዋርካን የሰየማቸው ደግሞ የእርሱ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎርስኮል ነው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሳይሆን ከዚያ ማዶ፣ በየመን ተራራ ላይ አይቷቸው። ፎርስኮል በ1763 ገና በወጣትነቱ በየመን በወባ ሞተ። ማስታወሻዎቹን ያሳተመለት ከጉዞ ጓደኞቹ ሁሉ በሕይወት የተመለሰው ብቸኛ ሰው ካርስተን ኒቡር ነው፤ ዘመኑም 1775 ነበር። እንግዲህ የሾላችን ስም ገና ከመነሻው በሞተ ሰው እጅ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ስም መስጠት አንድ ነገር ነው፤ አገሩን ረግጦ፣ ዛፉን በየወቅቱ አይቶ፣ ቅጠሉንና ፍሬውን በወረቀት መሐል አድርቆ ለዓለም ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ በኢትዮጵያ ማንም በዚያ ዘመን ከሺምፐር የበለጠ አልሠራውም።

ሺምፐር የተወለደው በ1804 በባቫሪያ፣ በኑርንበርግ አካባቢ በምትገኘው ራይሸንሽቫንድ ነው። ከሊቃውንት ቤተ ሰብ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ካርል ሺምፐር ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት ያጠና፣ ዓለም በአንድ ዘመን በበረዶ ተሸፍና ነበር የሚለውን ሐሳብ ካነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ነው፤ የአጐታቸው ልጅም በሽትራስቡርግ የታወቀ የሣር ሽበት ተመራማሪ ሆኗል። ቪልሄልም ግን በወንበር ላይ የሚቀመጥ ሊቅ አልነበረም። በወጣትነቱ በጦር ሠራዊት አገልግሏል፤ ወደ ዕፀዋት ጥናት የገባው ዘግይቶ፣ በሙኒክ ከወንድሙና ከጓደኞቹ ጋር ሲኖር ነው። ወንድሙ ያሰበውን እርሱ በእግሩ የሚፈልግ ሰው ሆነ።

በዚያን ጊዜ በኤስሊንገን ከተማ ሁለት ሰዎች፣ ሆኽሽቴተር የተባለ ቄስና ሽቶይደል የተባለ ሐኪም፣ ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ የተባለ የተጓዦች ማኅበር አቋቁመው ነበር። አሠራሩ የእቁብ ያህል ቀላል ነበር፦ አባላት ገንዘብ አስቀድመው ያዋጣሉ፤ ማኅበሩ በዚያ ገንዘብ ተጓዥ ወደ ሩቅ አገር ይልካል፤ ተጓዡ እያንዳንዱን ተክል በብዙ ቅጂ አድርቆ ይልካል፤ አባላቱም እንደ መዋጮአቸው መጠን ይከፋፈሉታል። ይህ የመከፋፈል ልማድ ከመቶ ዓመት በኋላ ያመጣውን በጎ ነገር ከታች እመለስበታለሁ። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ስም በ1831 አልጄሪያ ሄደ፤ በ1834 ከአንቶን ቪስት ጋር ወደ ግብፅ ተሻገረ። ቪስት በ1835 በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ሺምፐር ብቻውን ወደ ሲና በረሓ ወጣ፣ ከዚያም የሒጃዝን ምድር አየ። ሽልማቱም በዚያ ጊዜ ተጀመረ፤ በ1839 ሆኽሽቴተርና ሽቶይደል አንድ የበረሓ ተክል ወገን ሺምፔራ ብለው ሰየሙለት። እርሱ ግን በ1837 ምጽዋን አልፎ ዓድዋ ገብቶ ነበር።

ዓድዋ ያገኘው ጌታ የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ውቤ የውጭ ሰው እጅ ያለውን ጥበብ የሚፈልጉ፣ ለእንግዳም ወሰን ማበጀት የሚችሉ ሰው ነበሩ። ሺምፐርን አስጠጉት፣ አመኑት፣ ኋላም በዓድዋና በዓዲግራት መካከል ያለችውን እንትጮን እንዲያስተዳድር ሰጡት። እርሱም ኢትዮጵያዊት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖትም ገባ። ቅጠል ሊለቅም የመጣው ጀርመናዊ ግብር የሚበላ ባላገር ሆነ። አንዳንድ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን እንደ መጥፋት አድርገው ያዩታል። በበኩሌ የስብስቡ ጥራት የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል፤ መንገደኛ የሚያየው አበባውን ወይም ፍሬውን ነው፣ ነዋሪ ግን አበባውንም ፍሬውንም ለማየት ጊዜ አለው።

ሙያችንን የማያውቅ ሰው ቅጠል ማድረቅ የልጅ ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። የሾላን ወገን ለማድረቅ የሞከረ ግን ያውቀዋል። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ወተቱ ይንጠባጠብና ወረቀቱን ከወረቀት ያጣብቃል። ፍሬው ወፍራም ስለሆነ ካልተሰነጠቀ ይሻግታል፤ ሲሰነጠቅም ተርቦቹ ወጥተው በሌላው ተክል ላይ ይሠፍራሉ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሾላ ቅጠል ከላይ በጫፍ ቅርንጫፉ፣ ፍሬው ግን ከታች በቅጠል አልባ ዝንጣፊ ላይ መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ አብረው እንዲገኙ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ መቍረጥና አንድ ላይ ማሠር አለበት፤ ካልተጠነቀቀ የአንዱ ዛፍ ቅጠል ከሌላው ዛፍ ፍሬ ጋር ተጋብቶ ወደ አውሮፓ ይሄድና፣ በምድር ላይ የሌለ ዛፍ ይፈጠራል። ከሰበሰቡ በኋላም ወረቀቱን በየዕለቱ መለወጥ፣ በክረምት ከጪስ አጠገብ ማኖር፣ ከምስጥና ከአይጥ መጠበቅ አለ። የሱዌዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 ስለሆነ፣ የሺምፐር ጥቅል በበቅሎ ምጽዋ ወርዶ፣ በቀይ ባሕር ተጕዞ፣ በግብፅ ምድር በየብስ ተሻግሮ፣ እንደገና በመርከብ ነበር ኤስሊንገን የሚደርሰው። እንዲህም ሆኖ በሺህ የሚቈጠሩ ቅጂዎች ደርሰዋል። የመጀመሪያው ክፍል ዓድዋን በላቲን አጠራር ይዞ፣ የዓድዋ ዕፀዋት የሚል የታተመ መለያ ተለጥፎበት በ1840 ለአባላት ተከፋፈለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍልም ተከተሉ።

በኤስሊንገን ቄስ ሆኽሽቴተር ጥቅሉን እየፈታ ስም ያወጣ ነበር። ከስሞቹ አንዳንዶቹ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደሉም። ብርብራን ከነስሙ ወስዶ ቤሬቤራ የሚል የላቲን ወገን አደረገው። ኋላ ሌሎች ሊቃውንት ተክሉ ሚሌቲያ ከሚባለው ወገን ነው ብለው አዛወሩትና የአገሩ ስም ወደ ኋላ ቀረ፤ ሆኽሽቴተር ግን የባላገሩን ስም ለማክበር መሞከሩ አይረሳም። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ቤት የምንከድንበትና ገመድ የምንገምድበት ጓሳም በሳይንስ የታወቀው በሆኽሽቴተር በተሰጠና በሪሻር በታተመ ስም ነው። ለቀስት መርዝ የሚሆነው ምረንዝ የሺምፐርን ስም እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል።

ከሾላ ወገንም አንድ ዛፍ ስሙን ተሸክሞ ነበር። ኔዘርላንዳዊው ሚክዌል በ1847 አንዱን ጭብሓ በሺምፐር ስም ሰየመው፤ ፈረንሳዊው አሺል ሪሻርም የሐበሻን ዕፀዋት ባሰባሰበበት ታላቅ ሥራው፣ ከ1847 እስከ 1851 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ፣ ፊከስ ሺምፐሪ አድርጎ አስገባው። ዘመን ሲያልፍ ግን ይህ ዛፍ ዴንማርካዊው ቶኒንግ ከጊኒ ጠረፍ ካመጣው፣ ብሉሜም በ1836 በቶኒንግ ስም ከሰየመው ዛፍ የተለየ አለመሆኑ ታወቀ። በሙያችን ሕግ ቀዳሚው ስም ይጸናል። ስለዚህ የዓድዋው ጭብሓ የጊኒውን ሰው ስም ወረሰ፣ የሺምፐር ስም ደግሞ በመጻሕፍት ውስጥ ከተሻሩት ስሞች ተራ ገባ። ዛፉ ግን ለዚህ ሁሉ ግድ አልነበረውም፤ ጭብሓ መባሉንም አልተወም።

የሪሻር መጽሐፍ የተመሠረተው በሺምፐር ስብስብ ብቻ አልነበረም። የፈረንሳይ መንግሥት የላካቸው ሁለት ወጣት ሐኪሞች፣ ካርታን ዲዮንና ፔቲ፣ በትግራይና ከዚያ ወዲህ ባሉት አገሮች ሰብስበው ነበር። የመጀመሪያው በመረብ ቆላ በንዳድ ሞተ፤ ሁለተኛው በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የዚያ ዘመን የዕፀዋት መጽሐፍ በሰው ሕይወት የተገዛ ነው የምለው ለማጋነን አይደለም። ከሁሉ ዕድሜ ያገኘው ሺምፐር ብቻ ነው፤ የእርሱም ዕዳ በሌላ መንገድ ሳይከፈል አልቀረም።

በ1855 የካቲት ወር ውቤ በደረስጌ ጦርነት በካሣ ኃይሉ እጅ ወደቁ። ለራሳቸው ዘውድ ባዘጋጁት በደረስጌ ማርያም ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ጌታው የወደቀበት አሽከር ርስቱም አብሮ ይወድቃልና፣ ሺምፐር እንትጮን አጣ። ኡኒዮ ኢቲኔራሪያም ቀደም ብሎ ሥራውን አቁሞ ነበር። ከዚያ በኋላ የኖረው ለፓሪስ የዕፀዋት ማኅደርና ለሌሎች ገዢዎች እየሰበሰበ ነው። በስሜን ተራሮች ከወጣው የሰበሰበው ብዙ ነው። በ1863 አካባቢ ደግሞ በበጌምድር፣ በደብረ ታቦርና በጋፋት ዙሪያ የቈረጣቸው ዝንጣፊዎች ይገኛሉ። ጋፋት እንደሚታወቀው የንጉሠ ነገሥቱ አውሮፓውያን ሠራተኞች መድፍ የሚያቀልጡበት ሥፍራ ነበር።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ ወሎ ይዞራል። ወደ ወሎ ደጋ የዘለቀ የመጀመሪያው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንዳልሆነ ግን ልብ ማለት ይገባል። በ1862 ጀርመናውያኑ ሆይግሊንና ሄርማን ሽቶይድነር ዐፄ ቴዎድሮስን ለማግኘት እስከ መቅደላ ድረስ መጥተው ነበር። ሽቶይድነር በመንገዱ ሁሉ ተክል ይሰበስብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሱዳን ምድር በንዳድ ሞተ፤ ስብስቡ በርሊን ገባ።

ሺምፐር ወደ መቅደላ የመጣው ግን ለመሰብሰብ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉ ጊዜ የቆንስሉና የመልእክተኛው ወገኖች በሰንሰለት ሲታሠሩ፣ ሌሎቹም አውሮፓውያን ከአገር እንዳይወጡ ተያዙ። ሺምፐርም ከተያዙት አንዱ ሆነ። በ1867 መጨረሻ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጐተቱ፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል መንገድ እያስቈረጡ፣ በ1868 መጋቢት ከመቅደላ ደረሱ። በሚያዝያ 10 የአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ እስረኞቹ ወዲያው ተለቀቁ፤ በሚያዝያ 13፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ከአራት ቀን በኋላ አምባው በእሳት ጋየ፤ መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ተጭነው ሄዱ። ሺምፐር ያን ጊዜ ዕድሜው 63 ዓመት ነበር።

በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። አምባ ማርያም ተብሎ ዛሬ የሚጠራው መቅደላ ከፍታው የደጋ ነው፤ ግርጌው የበሽሎ ቆላ ነው። በዚያ ገደል ውስጥ በአንድ ቀን ቁልቁለት ከአስታና ከጅብራ ተነሥቶ እስከ ሾላና እስከ ባምባ ይወረዳል። ከአምባው በስተ ደቡብ ምዕራብ ሳይንትና ቦረና አሉ፤ ዛሬ ከመካነ ሰላም አጠገብ የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ፣ ያ ሁሉ ጽድ፣ ወይራና አስታ፣ በዚያ አቅጣጫ ነው። ከሺምፐር የተሻለ ይህን አገር ለመሰብሰብ የተዘጋጀ ሰው በዓለም አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የኢትዮጵያን ተክል ያየ ዓይን፣ ቋንቋ የሚያውቅ አፍ ነበረው። ነገር ግን እስረኛ ሆኖ መጣ፤ ነፃ ሲወጣም አገሩ እየጋየ ነበርና ተመለሰ። የስብስቡ ክብደት ትግራይ፣ ስሜንና በጌምድር ላይ ነው፤ የወሎ ስም በመለያዎቹ ላይ እምብዛም አይነሣም። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የሥነ ምድር ሰው ብላንፎርድ ግን ወራት ባልሞላ ጊዜ ድንጋዩን አይቶ፣ የደጋውን ባዛልት በአሸንጌና በመቅደላ ስም ሰይሞ ሄደ። ድንጋዩ ስም ሲያገኝ በላዩ የበቀለው ሾላ ሳይጻፍ ቀረ። ይህን የምለው ሺምፐርን ለመውቀስ አይደለም። በሰንሰለት ባይሆንም በጥበቃ ሥር ያለ ሽማግሌ ወደ ገደል ወርዶ ቅርንጫፍ ሊቈርጥ አይችልም። ንጉሠ ነገሥቱንም በዚህ ብቻ መክሰስ ቀላል ነው፤ ለእርሳቸው የፈረንጅ ዕውቀት ማለት የሚተኮስ ነገር ነበር፣ የእንግሊዝ ጦርም በመጣ ጊዜ አሳባቸው ፍጹም የተሳሳተ አለመሆኑን አሳይቷል። ሆኖም በዚያ የሳተው ዕድል ለወሎ ምዕራብ ሥነ ዕፀዋት ሁለተኛ ጊዜ በቶሎ አልመጣም።

እነዚያን የጭንቅ ዓመታት ሺምፐር ፈጽሞ ባዶ አላሳለፈም። ከ1864 እስከ 1868 ባለው ጊዜ ስለ ትግራይ ዕፀዋት፣ አፈርና የመሬት አቀማመጥ በጀርመንኛ ሰፊ ጽሑፍ ጽፏል። በዚህ ጽሑፍ ተክሉን ከነአገልግሎቱ፣ ከሚበቅልበት አፈርና ከፍታ ጋር አያይዞ ያቀርባል፤ ዛሬ የአካባቢ ጥናት የምንለውን ሥራ ስሙ ሳይወጣለት ሠርቶታል። ጽሑፉ በለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል፤ ለመቶ ዓመት ተኩል ያህል ጥቂት ሰው ብቻ ሲገልጠው ከኖረ በኋላ፣ በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ተዘጋጅቶ ለአንባቢ ቀርቧል።

ከመቅደላ ነፃ የወጡት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ወርደው አገራቸው ገቡ። ሺምፐር ወደ ዓድዋ ተመለሰ። በጀርመን የቀረው ነገር አልነበረም፤ ሚስቱና ልጆቹ፣ ያወቀው ተራራ ሁሉ እዚህ ነበር። እስከ እርጅናው ድረስ በዓድዋ ኖሮ፣ በ1878 ጥቅምት ወር በ74 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ዓድዋ በገባበትና በሞተበት መካከል 41 ዓመት አለ።

የስብስቡ ታሪክ ግን ከሞቱ በኋላም ቀጠለ። በ1943 መጋቢት መጀመሪያ ላይ በርሊን በአውሮፕላን ስትደበደብ የዳሌም የዕፀዋት ማኅደር ተቃጠለ፤ በዚያ ከነበረው የደረቀ ተክል አብዛኛው አመድ ሆነ። ሽቶይድነር ከወሎ መንገድ ይዞት የሄደው ስብስብም በዚህ ማኅደር ነበር። የሺምፐር ስብስብ የበርሊን ቅጂም እንዲሁ ከእሳቱ አላመለጠም፤ ነገር ግን ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ ጥቅሉን ለአባላት ሁሉ አከፋፍሎ ስለነበር፣ የዚያው ዛፍ ሌላ ቅርንጫፍ በፓሪስ፣ በኪው፣ በሽቱትጋርትና በሌሎችም ቦታዎች ተረፈ። ከአንድ ዛፍ የተቈረጡ ብዙ ቅጂዎች በብዙ ከተማ መቀመጣቸው የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ለእኛም የደረሰን በዚሁ በኩል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የዕፀዋት ማኅደር በ1959 ሲመሠረት፣ ኋላም በ1980 የኢትዮጵያ ፍሎራ ዝግጅት ሲጀመር፣ አዘጋጆቹ ለብዙ ተክል መነሻ የሆነውን ናሙና ለማየት ወደ ውጭ አገር መጻፍና መጓዝ ግድ ሆኖባቸው ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ በ2009 ሲጠናቀቅ፣ ሾላና ዘመዶቹ በ1989 በወጣው በሦስተኛው ቅጽ ውስጥ፣ በዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ እጅ ተዘርዝረው ይገኛሉ። በዚያ መጽሐፍ አገሪቱ በክልል ተከፋፍላ ለእያንዳንዱ ተክል የተገኘበት ክልል ይመዘገባል፤ የወሎ ደጋም የራሱ ምልክት አለው። ምልክት መኖሩ ግን አንድ ሰው በአንድ ቦታ አንድ ቅርንጫፍ ቈርጧል ማለት ብቻ ነው። ደሴ አጠገብ የተቈረጠ ሾላ ለቦረናም፣ ለሳይንትም፣ ለበሽሎ ገደልም ይመሰክራል ተብሎ ይታለፋል፤ ሾላ በድፍን ማለት ይኸው ነው።

በአንድ የበጋ ወራት ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ሾላ አገኘሁ። ቅጠሉን ከላይ፣ ዝንጣፊውን ከታች ቈረጥሁ፤ ሁለቱን በአንድ ክር አሠርሁ። ፍሬውን በሴንጢ ስሰነጥቀው ከእረኞቹ አንዱ፣ የሚበላ ነገር ማበላሸቴ ገርሞት፣ ራቅ ብሎ ቆሞ ይመለከተኝ ነበር። ተርቦቹ ወጥተው በእጄ ላይ ሄዱ። በመለያው ወረቀት ላይ ወሎ፣ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም በታች፣ በጅረት ዳር፣ ሾላ ብዬ ጻፍሁ፤ ለልጁም ያልተሰነጠቀውን ሰጠሁት፣ በድፍኑ ጐረሰው።